የቤሪል ጣቶች

ቤሪል ሃስኬትን ከቤቷ በታች፣ ጀልባዋን ከምታስርበት መወጣጫ ሥር፣ ውሃ ላይ ተንሳፍፋ አገኟት። ወጥ ቤት የተተወው ታብሌቷ ማታ ለልጅ ልጇ ለታሊያ የተላከ መልእክት ያሳያል፦ «ከእንግዲህ አልችልም። ደህና ሁኚ።»

መንደሩ ሬሳው ሳይነሳ ፈርዶ ጨርሷል። በዋዜማው ጠዋት አያትና የልጅ ልጅ ተጣልተው ስለነበር አሮጊቷን የገደላት የታሊያ አፍ ነው ተባለ። ክፋቱ፣ ልጅቷም አምናለች።

«አርጅተሻል፣ ከእንግዲህ ጀልባ ላይ አትውጪ አልኳት» አለች ለሳጅን ኖሊን ታከር። «በቃ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ኖሊን የችኮላ ፍርድ አይዋጥላትም። የቤሪልን የወንድም ልጅ ክላይቭን ጠራችው፤ ኦይስተር የተባለውን የሚበላ የባሕር ዛጎል የሚያረቡት አክስትና የወንድም ልጅ አብረው ነበር።

«ማታ በመስኮት አይቻት ነበር እኮ» አለ ክላይቭ። «ብቻዋን ተቀምጣ በጣቷ ስትጽፍ። ምነው ያኔ በገባሁ!»

«በጣቷ?»

«እንዴ ሳጅን፣ ሰው በምን ይጽፋል ታዲያ?»

ኖሊን የሟቿን እጅ አይታለች፤ ዕድሜ ልኳን የኦይስተር ዛጎል ስትፈለቅቅ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ጫማ ሶል ደድሯል።

ከዚያ ለአረጋውያን ታብሌት የሚያስተምረውን ዴዝመንድን የመንደሩ አዳራሽ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው።

«ቤሪል እንዴት ያለች ተማሪ ነበረች?»

«ተሳዳቢ!» አለ፤ እየሳቀ እንባው መጣ። «መስታወቱ ጣቷን አልሰማ ሲላት ‹ደንቆሮ!› ብላ ትጮህበታለች። ጫፉ ጎማ የሆነ ብዕር የገዛችላት ታሊያ ናት። ያለሱ አንዲት ፊደል አትወጣላትም። ትናንት እዚሁ ረስታው ሄደች፣ ይኸው።»

«በድምፅስ አትጽፍም?»

«ከዕቃ ጋር አላወራም ትል ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሳጅኗ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበችና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ቤሪል ያለዚህ መጻፍ አትችልም። ይህ ደግሞ ትናንት እዚህ ነው ያደረው። ስለዚህ ስንብቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ታሊያ ብዕሩን የገዛችው ራሷ ናት፣ ዴዝመንድ ያስቀመጠው ራሱ ነው፤ ሁለቱም በጣቷ እንደማትጽፍ ያውቃሉ። አንተ ግን ክላይቭ፣ አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ተቀምጠህ አታውቅም። ያልሆነውን አየሁ አልክ።»

«እርባታውን ለሷ ልታወርስ ነበር!» ብሎ ክላይቭ ወደ ታሊያ እየጠቆመ ጮኸ። «ስንት ዓመት የለፋሁበትን! መወጣጫው ላይ ለመንኳት፣ ሳቀችብኝ። ገፋሁ... ገፋ ብቻ ነው ያደረግኳት።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ታሊያ ከወንበሯ አልተነሳችም። «ቢሆንም ተቀይማኝ ነው የሞተችው» አለች።

ዴዝመንድ ሳጅኗ ከቤሪል ወጥ ቤት ያመጣችውን ታብሌት አስፈቅዶ ከፈተው። «ትናንት ለምትወዱት ሰው ኢሜይል ጻፉ ብያቸው ነበር። ቤሪል ከጻፈች የተላከ ይመስላታል፤ የመላኪያዋን ቀስት ንኪ፣ ቀስቷን ንኪ እያልኩ ምላሴ አልቋል።»

ሳይላክ የቀረው ጽሑፍ እዚያው ነበር፦ «ታሊያዬ፣ ልክ ነሽ፣ ጀልባው ይቅርብኝ። ነገ ለእራት ነይ። አኩርፈሽ እንዳትቀሪ።»

ታሊያ ብዙ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የአያቷን ብዕር አንስታ ቀስቷን ነካች፤ ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ሲጮህ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።