አባቴ የመረቁት እጅ

ክንፈ የአባቴን መኪና ኮፈን በጠመኔ ሲያሰምር፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየው ነበር።

ጊዜው 1964 ዓ.ም. ነው፤ ለፋሲካ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። አሰብ ገና ከጧቱ ታቃጥላለች። የጉምሩክ ጸሐፊው አባቴ፣ አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ደሴ ወስደው ሊድሩኝ ቆርጠዋል። ሙሽራውን በፎቶግራፍ ብቻ ነው የማውቀው። ክንፈን ግን ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። የጭነት መኪናውን ይዞ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር በደጃችን ሳያልፍ አይውልም ነበር። መዋደዳችንን ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቅም።

መንገዱ ያስፈራል። ባለፈው ክረምት አንድ ነጋዴ ከነሚስቱ ዶቢ በረሃ ላይ መኪናው ፈልታበት ቆመ፤ በሦስተኛው ቀን የተገኘው ሬሳቸው ነው። አባቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጡ። ከኤደን በመርከብ የመጡ፣ እንደ ዓሣ መተንፈሻ የተሰነጣጠቁ ሁለት ብረቶች ገዙ። ኮፈኑ ተቀዶ እነሱ ሲገጠሙበት የሞተሩ ሙቀት በዚያ ይወጣል። ታዲያ ለሥራው ማንን ቢጠሩ ጥሩ ነው? ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል፣ ብረት ሥራ የሚያውቀውን ክንፈን!

አባቴ የቀትር እንቅልፋቸውን ሲተኙ ቀረብኩት። የኮፈኑን ላሜራ ቆርጦ ጠርዙን በሞረድ እያለሰለሰ ነበር።

«እኔን ለሌላ ወንድ የምታደርሰኝን መኪና እየሠራህ መሆኑ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል፣ እልፌ።»

«እንግዲያው ብረቶቹን አዙረህ ግጠማቸው። አፋቸው ወደ ፊት ይሁን።»

ሞረዱን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። «ወደ ፊት ካዩ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ አሸዋውም ይገባል። ዶቢን ሳትወጡ ትፈላለች።»

«ትፍላ! እንመለሳለን፣ ሠርጉም ያልፋል።»

«ካልተመለሳችሁስ?» አለኝ። «እኔ እዚያ በረሃ ላይ ሰው ቀብሬአለሁ። ይልቅስ ለአባትሽ ንገሪያቸው። እሺ በይኝ ብቻ፣ ነገውኑ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አባባን አታውቃቸውም! ይገድሉኛል።»

«አይገድሉሽም። በረሃው ግን ይገድልሻል።»

ጎንበስ አለና የብረቶቹን አፍ ወደ ኋላ፣ ወደ ሾፌሩ መስታወት አዙሮ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው። የባሕሩ ጨው እንዳይበላው የተቆረጠውን ጠርዝ ቀለም ቀባው።

«ፈሪ!» አልኩት።

«ብትፈላ፣ አልወደደኝም በይ» አለኝና ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

የፋሲካ ማግስት ተነሣን። ክንፈ ከከተማው መውጫ ላይ የጭነት መኪናውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። እጁን አላነሣም። እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለፍኩ።

በረሃው እንደገባን ዓይኔ ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነቀል አለ። አንዴ «አምላኬ፣ ትፍላ» እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ የነዚያ ባልና ሚስት ነገር ትዝ ይለኝና «አደራህን፣ አትፍላ» እላለሁ። የዶቢ ዳገት ላይ ትልልቆቹ መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት ይተፋሉ። አባቴ ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ መሪውን ጨብጠው ዳዊት ይደግማሉ። የመለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ፣ ተጠጋና ቆመ። ከስንጥቆቹ የሚወጣው ትኩስ አየር መስታወቱ ፊት ይርገበገብ ነበር። ዳገቱን ወጣን።

ባቲ ስንደርስ አባቴ ወርደው መዳፋቸውን ከስንጥቆቹ በላይ ዘረጉ።

«እጁ ይባረክ! ለሰው ነፍስ እንዲህ የሚጠነቀቅ ልጅ ምነው ለልጄ በሰጠኝ!»

ከዚያ በኋላ መቻል አቃተኝ። «አባባ፣ እሱ እኮ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። እኔ ነኝ ፈርቼ የከለከልኩት። እወደዋለሁ።»

የዘረጉትን መዳፍ ሰብስበው ወደ እኔ ዞሩ። ሲያዩኝ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ምነው ቁጣ በሆነ!

«ምነው ልጄ፣ አሰብ ሳለን? አሁን እኮ ድንኳኑ ተጥሏል። ቃሌንም ሰጥቻለሁ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። አባቴ እንባቸውን በነጠላዬ ጫፍ ጠርገው ሞተሩን አስነሡ፤ እስከ ደሴም መኪናዋ አንድም ጊዜ አልፈላችም።