ያልተሳሳተው ከበሮ

ፕሮዲውሰሩ የተገኘው በቢሮው ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነው። አጠገቡ ከባድ የማይክሮፎን ማቆሚያ ወድቋል፤ የብረት እግሩን ደም ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ሽፋኖች የተሞሉበት ካርቶን ተከፍቶ ተቀምጧል።

መርማሪዋ ሬሳውን ጎንበስ ብላ አየችና ከሽፋኖቹ አንዱን አነሳች። «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ሥር የሟቹ ስም ብቻ ሰፍሯል።

«ካርቶኑን አራት ሰዓት ላይ ሳስረክበው ደህና ነበር» አለ ዘበኛው። «አራት ተኩል ላይ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ከሦስቱ የባንዱ ልጆች በቀር የገባ ሰው የለም።»

መጀመሪያ ጊታሪስቱን ጠራች። ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ይሉታል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«አልደብቅዎትም፤ የእጅህን ታገኛለህ ብዬዋለሁ። ግን አልገደልኩትም። በረንዳ ላይ ሲጋራ እያጨስኩ ነበር።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ማንም።»

ዘፋኟ የሟቹ እጮኛ ነበረች፤ ቀለበቱን ከመለሰችለት ሳምንት አልሞላም። ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ድምፅዋን ስታፍታታ እንደነበር ተናገረች።

«ድራመሩስ?»

«እሱማ መቅረጫ ክፍል ሆኖ ሦስተኛውን ዘፈን እየመታ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። ዛሬማ አንዲት ስህተት የለችበትም! ላጨበጭብለት ምንም አልቀረኝም።»

መርማሪዋ ይህችን ቃል ይዛ ወደ ሽቦ ተመለሰች።

«ድራመሩ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ምን ይሳሳታል?»

«ከሁለተኛው አዝማች ሲወጣ ሁሌ ይዘገያል። ስድስት ወር ሙሉ አልቃና አለው። በኋላ ፕሮዲውሰሩ ሰልችቶት ቅጂውን በኮምፒውተር አስተካከለለት።»

«ዘፈኖቹን የጻፈው ማን ነው?»

ሽቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የድራመሩ ታላቅ ወንድም። ባንዱን ያቋቋመውም እሱ ነበር። ፕሮዲውሰሩ አባረረው፤ ከዚያ መጠጥ ይዞት ዓምና ሞተ።»

ድራመሩም በተራው ሲጠየቅ፣ ከመቅረጫ ክፍሉ እንዳልወጣና ማንም እንዳልገባበት ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው መቅረጫ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ክፍሉ በኋላ በር ከሟቹ ቢሮ ጋር ይገናኛል።

«እስቲ ሦስተኛውን ዘፈን ምታልኝ» አለችው ድራመሩን።

ልጁ ግራ እየገባው ተቀመጠና መታ። ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ እጁ ዘገየ። ዘፋኟ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ጠዋት የተሰማው ከበሮ ግን አልዘገየም» አለች መርማሪዋ። «የሚመታው ሰው አልነበረማ። የተስተካከለውን ቅጂ በድምፅ ማጉያ ከፈትክና በኋላ በር ገባህ። ማቆሚያው የዚህ ክፍል ዕቃ ነው፤ ማይክሮፎኑ ያውና ተነቅሎ ወለሉ ላይ ቀርቷል። ሌላ ሰው ሊወስደው ቢመጣ በአንተ ፊት ማለፍ ነበረበት፤ አንተ ደግሞ ማንም አልገባም ብለሃል። አሁን ከኪስህ ጫፉ የወጣውን ወረቀት አሳየኝ።»

ድራመሩ የተጨማደደ የአልበም ሽፋን አወጣ።

«እየሳቀ ነው ያሳየኝ» አለ። «ወንድምህ ቢኖር ይኮራ ነበር አለኝ። እኔ ከበሮ የተማርኩት እኮ የወንድሜ ዘፈኖች ከነስሙ ሲወጡ ለማየት ነው። ሰውዬውን ከመምታቴ በፊት የወንድሜን ስም ሦስት ጊዜ አስጠራሁት። በሦስተኛው ድምፁ አልወጣም።»

ወደ ዘፋኟ ዞረ።

«አንቺም ታውቂ ነበር። እያወቅሽ አፍሽን ሞልተሽ ዘፈንሽው።»

ዘፋኟ ቀና አላለችም። ሽቦም ወደ ግድግዳው ዞረ።

መርማሪዋ ካቴናውን አጠለቀችለት።

«አሁን ቀለለህ?»



«ቀሎኝ ነበር» አለ። «እናቴ ትዝ እስክትለኝ ድረስ። የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርኩ።»