የጠይባ ጣሳ

የስልኩ ቀስት መሽከርከሯን አቁማ ወደ ድንጋይ ክምሩ ቀጥ አለች። ሰልሰቢል ተንበረከከች። ከመካነ ሰላም በላይ ያለውን ጋራ ጉም ውጦታል፤ ከተማውም የለም፣ ገደሉም የለም። ዓለም ላይ ብቻዋን የቀረች መሰላት፣ ደስም አላት።

ጨዋታውን ያመጣችው እህቷ ጠይባ ናት። ጅዳ የምትሠራበት ቤት ልጆች ይጫወቱታል። አንዱ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን ቁጥር ከሳተላይት ወስዶ ይልካል። ፈልጎ ያገኘው ከውስጡ አንድ ነገር ወስዶ የራሱን ይተካል። ጠይባ ዓምና ለአረፋ መጥታ ስትመለስ አንድ ጣሳ ደብቃ ሄዳለች። ቁጥሩን የላከችው ግን ትናንት ነው፣ ሰልሰቢልም ልትከተላት መሆኑን የሰማች ዕለት። «ፎቶውን ለደላላው ሳትሰጪ በፊት ፈልጊው» አለቻት በኢሞ። አትምጪ አላለቻትም። ድምጿ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር።

የፓስፖርቱ ፎቶዎች ኪሷ ውስጥ ናቸው። ደላላው ከሰዓት በኋላ ይጠብቃታል።

ጣሳውን ስባ ስታወጣ ከጉሙ ውስጥ የጫማ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! ታወሩን ነው ፎቶ የምታነሺው?»

ገበያ ውስጥ የምታውቀው ፖሊስ ነው፣ ሳጅን አልታዬ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጋራው ላይ ባለው የቴሌ ታወር አጠገብ ስልክ ይዞ መገኘት ለማንም አይበጅም።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

አምልጧት ነው። ደላላው «በእንቅልፍሽም ቢጠይቁሽ ሃያ ሁለት በይ» እያለ ሲያስጠናት ሰንብቷል። ሳጅኑ ዩኒፎርሟን አየ፣ ደብተሯን አየ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶሽ ስምንተኛ ክፍል?» ሊስቅ ነበር፤ ጣሳውን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ይሄስ? ድግምት ነው?»

«ኧረ ወላሂ አይደለም ጋሼ! እህቴ ናት የደበቀችው።»

«ክፈቺዋ። አንቺው ክፈቺው፣ እኔ ከዚሁ አያለሁ።»

ክላሽ የታጠቀው ሰውዬ የወተት ጣሳ ፈርቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ሰልሰቢል ክዳኑን አነሳች። የሱፍ ጨርቅ ነው። ስትፈታው የሒሳብ ኮምፓስ ወጣ፣ ጠይባ ዘጠነኛን አቋርጣ ስትሄድ «ጠፋብኝ» ብላ ቤቱን ሁሉ ያስበረበረችበት ኮምፓስ። አልጠፋባትም ነበር። ሰልሰቢል ጨበጠችውና እንባዋ መጣ።

ሳጅኑ ቀስ ብሎ ተጠጋ።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ዕድሜሽ?»

«አሥራ አራት።»

«ሃያ ሁለት በይ ያለሽ ማነው?»

ዓይኗን ወደ ኮምፓሱ መለሰች። እሱም አልደገመም፤ የዚህ አገር ሰው ነው፣ የደላሎቹን ሥራ ያውቀዋል። «አብሽሪ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስልክሽን ያዢና ሂጂ። እዚህ ደግሜ እንዳላይሽ።»

«እሺ ጋሼ። ግን አንድ ነገር መተካት አለብኝ። የጨዋታው ሕግ ነው።»

ፎቶዎቹን ከኪሷ አወጣች። የእናቷን ሻሽ አስረዋት፣ ከንፈሯን ቀብተዋት፣ የማታውቃት ሴት መስላ ተነስታለች። ሁሉንም በሱፉ ጠቅልላ ጣሳው ውስጥ ከተተቻቸው። ሳጅኑ አየ። ትልቁን ድንጋይ እሱ ነው አንስቶ የመለሰላት።

ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የትምህርት ቤቱ የከሰዓት ፈረቃ ደወል ተሰማ። ስልኳም አብሮ ጮኸ፤ ደላላው ነው። ሰልሰቢል ሳታነሳው ኮምፓሱን ደብተሯ ውስጥ ሸጉጣ ቁልቁል ወደ ደወሉ ወረደች።