ክንፍ የሌለው ፌንጣ

የፖሊስ አምሳ አለቃ ጉቱን የሰደበው ባለመሬቱ ገብረወልድ ነው። ቀኑ ኅዳር 12 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ቦታው አሰላ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ። «አራተኛ ክፍል ላይ የተባረረ እኔን ይመረምራል? ሂድና የጠፋ በቅሎ ፈልግ» አለው፤ አርባ የሚሆን ባለጉዳይ ሳቀ። የሳቁትን ጉቱ ዛሬም አንድ በአንድ በመልክ ያውቃቸዋል።

በጥር 1965 አንድ ሰኞ ጠዋት የሳይንስ መምህሩ ቱሳ ጭላሎ ተራራ ላይ፣ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ጉቱ ሲደርስ የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ገዳይ ያለውን ይዞ ጨርሷል፤ መምህሩን በፈረስ ተራራ የሚያወጣውን ከዲሮን።

«ገፍቶት ነው» አለ ሻምበሉ። «ቅዳሜ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት እሰደዋለሁ። ገመዱ አይቀርለትም።»

ጉቱ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ማጅራቱ ተፈርክሷል፤ ድንጋዩ ላይ ግን ጠብታ ደም የለም። የማስታወሻ ደብተሩ የለም። ኪሱ ውስጥ በጥጥ የተወተፈ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ተገኘ፤ በውስጡም አንድ ፌንጣ፣ ክንፍ የሌለው፣ እግሩ ቀይ። ብልቃጡ ላይ ወረቀት አልተለጠፈም።

መምህሩን ያከራየችውን ወይዘሮ ፋናዬን ስለሚሰበስባቸው ፌንጣዎች ጠየቃት።

«ብልቃጦቹ ላይ ወረቀት መቼ ነው የሚለጥፈው?»

«በያዘበት ቀን ማታ። ቦታውን ሳይጽፍ እራት አይበላም። ‹ካደረ እረሳዋለሁ› ይለኛል፤ ወጡ እየቀዘቀዘ።»

«እሁድስ?»

«በጠዋት ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

እስር ክፍሉ ውስጥ የከዲሮ ከንፈር አብጧል። «ወላሂ ጋሼ፣ እሁድ እኔ ጋ አልመጣም። ፈረሴ አንክሶ ቤት ነበርኩ።»

ማክሰኞ ጉቱ ካካ ተራራ ግርጌ ወዳለው የገብረወልድ እርሻ ሄደ።

«እርስዎ መምህሩን መቼ አዩት?»

«ከገና ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። ላባርራቸው ላልኳቸው ጢሰኞች አቤቱታ ጻፊ እሱ አይደል? እዚህ ቢረግጥ ውሻ እለቅበት ነበር። ሌላ ጥያቄ አለህ፣ ወይስ ፊደሉ አለቀብህ?»

ጉቱ ጥርሱን ነክሶ ከእርሻው በላይ ያለውን ተራራ ወጣ። እጁ በእሾህ እስኪቦጫጨር ፌንጣ ያዘ። የሁሉም እግር ቀይ ነበር። የዚያኑ ቀን ገባው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሽማግሌውም ጢሰኛውም፣ ያኔ የሳቀውም ከተማ ይገባል።

የከዲሮ ሚስት ሀሊሜ በየቀኑ ስንቅ ታመጣለች፤ ደም የነካ ሸሚዝ ይዛ ትመለሳለች።

«እርስዎ ያውቃሉ፣ ባሌ ገዳይ አይደለም።»

«ቅዳሜ» አላት።

ቅዳሜ የጣቢያው ግቢ በሰው ሞላ። ገብረወልድ ለምስክርነት ተብሎ በላንድሮቨሩ መጣ። ጉቱ ከፋናዬ ቤት ያመጣቸውን ብልቃጦች ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ ወረቀት የተለጠፈባቸውን ሁሉ።

«አምና ከመምህሩ ጋር ተራራ ወጥቼ ነበር። እንዲህ አለኝ፤ እዚያ ላይ ነፋሱ ክንፍ ያለውን ፌንጣ ጠርጎ ይወስዳል። ክንፈ ቢሱ ሣሩን ጨብጦ ይተርፋል፤ የሚወልደውም የተረፈው ነው። ትውልድ ትውልድን ሲተካ ክንፍ ጠፋ። ክንፍ የሌለው ደግሞ በሁለቱ ተራሮች መሃል ያለውን ሜዳ አይሻገርም። የጭላሎው ለብቻው፣ የካካው ለብቻው በሺህ ዘመን ተለዋወጡ፤ ዛሬ አንድ ላይ ብታደርጋቸው እንኳ አይዋለዱም። ሻምበል፣ እስኪ ይዩ። ጭላሎ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ እግሩ ጥቁር ነው። የካካው ቀይ።»

የሟቹን ብልቃጥ አነሣ። «ይሄ ቀይ ነው። ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ የተያዘው በሞተበት ቀን ነው። እሁድ መምህሩ የነበረው ካካ ነው።»

«ፌንጣ ያው ፌንጣ ነው» አለ ገብረወልድ።

«ደብተሩን ወስደህ ብልቃጡን የተውከውም እንዲያ ስለመሰለህ ነው። ጢሰኞቹን ሊያነጋግር መጣ፤ ካካ ላይ ገደልከው፤ በፈረሰኛው እንዲላከክ ጭላሎ ወስደህ ጣልከው። ያን ሁሉ መንገድ ሬሳ ባነከሰ ፈረስ አይመጣም። ሻምበል፣ የመኪናውን ሸራ ይግለጡት።»

ሻምበሉ አመነታ፤ ሕዝቡ እያየው ነው። ሸራውን ገለጠ። የደረቀ ደም በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። ገብረወልድ በሰንሰለት ሲታሰር አንድም ሰው አልሳቀም፤ ጉቱ ግን ፊቶቹን አንድ በአንድ አየ።

ከዲሮ ተፈታ። አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ቀረበው።

«ጋሼ፣ ይሄን መቼ ነው ያወቁት?»

ጉቱ ብልቃጦቹን ወደ ሣጥን መመለስ ጀመረ።

«ማክሰኞ ካካ ላይ ፌንጣ ሲይዝ አይተውታል፣ ጢሰኞቹ» አለች ሀሊሜ።

«ማክሰኞ» አለ ከዲሮ። እጁን ከአፉ አወረደ። «ጥርሴ የወለቀው ሐሙስ ነው፣ ጋሼ። ሐሙስ ምን እየጠበቁ ነበር?»

ጉቱ ሣጥኑን በብብቱ ይዞ ወደ በሩ ሄደ።