የዛገ ቀይ

ጠርጋ ከሰበሰበችው ፀጉር መሀል አንድ ላባ ብቅ አለ። እርሳስ የሚሏት ልጅ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ጣት የሚያህል የጭራ ላባ ነው። የተጣበቀበትን ፀጉር እፍ ብላ አራገፈችና ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ቀይ ነው እንዳትል ቡናማ ነው፤ ቡናማ ነው እንዳትል ደግሞ ቀይ ነው። ዝናብ ሲመታው የከረመ ቆርቆሮ ጥጉ ላይ የሚያወጣው ዓይነት ቀለም ነበር።

ቶሎ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከትልቁ መስታወት አጠገብ፣ የቤቱን ወፍ ከነጭራው ራሷ የሳለችበት ሥዕል በፍሬም ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ ያለው ጭራ እንደ ትራፊክ መብራት ቀይ ነው። ሥዕሉ ደግሞ ነገ ጠዋት ሙዚየም ሊገባ ነው።

«እርሳስ» ክፍል ውስጥ የወጣላት ስም ነው፤ ቀጭን ስለሆነችና እርሳስ ከጆሮዋ ጀርባ ስለማይጠፋ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእናቷ ወንድም ፀጉር ቤት ገብታ ወለል ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ የቀረውን ጊዜ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትስላለች። ሁለት ወር ሆኗት ከወፉ በስተቀር ሌላ ነገር አልሳለችም።

ወፉ ግራጫ በቀቀን ነው። ገና ጫጩት ነው፤ ቤት የሚቀይር አንድ ደንበኛ «አደራ» ብሎ ለአጎቷ የሰጠው ነው። እስካሁን ስም የለውም፤ ስም ያጣውም በአጎቷና በጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ክርክር ምክንያት ነው። ግራጫ በቀቀን ሁለት ዓይነት አለው፤ ትልቁና ትንሹ። ትልቁ ጭራው ደማቅ ቀይ፣ ምንቃሩ ድፍን ጥቁር ነው። ትንሹ ጭራው የደበዘዘ፣ የላይኛው ምንቃሩም ነጣ ያለ ነው። ይሄኛው ገና ስላላደገ በቁመቱ አይለይም። አጎቷ «ትልቁ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው» ይላል። ልብስ ሰፊው «ተሸወድክ ወንድሜ» ይላል። በመጨረሻ የረታ ስም ያውጣለት ተባባሉ። አጎቷ «ጄኔራል» ሊለው ቋምጧል። ልብስ ሰፊው «ቁራጭ» የሚል ስም አዘጋጅቷል። እስከዚያው ሁሉም «እሱ» ይሉታል።

ታዲያ ሙዚየሙ ለተማሪዎች ማስታወቂያ አወጣ፤ ቤታችሁ ያለውን ወፍ ሳሉ፣ ዝርያውን እንነግራችኋለን የሚል። እርሳስ ወፉን ሳለችው፤ የባዮሎጂ መምህሯ ሥዕሉን ወስደው አስረከቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥዕሉ ከነደብዳቤው ተመለሰ። የሙዚየሙ የወፎች ባለሙያ በእጃቸው የጻፉት ነበር፦

«ወፉ ገና ልጅ ስለሆነ ዓይኑን አላመንኩም፤ ጥቁሩ ዓይን በዕድሜ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የምንቃር ቀለም ግን እንዲያ አይለወጥም። አንቺ የላይኛውን ምንቃር ድፍን ጥቁር አድርገሽ ስለሳልሽው ያለ ጥርጥር ትልቁ ዝርያ ነው ብያለሁ። እጅሽ ጎበዝ ነው፤ ዓይንሽም እንዲሁ። ሥዕልሽ ቅዳሜ በምንከፍተው ዐውደ ርዕይ መግቢያው ላይ ስለሚሰቀል ይዘሽው ነይ። ወፍ ያላቸው ሰዎች የራሳቸውን ከእሱ ጋር እያስተያዩ ይለዩበታል።»

መምህሯ ደብዳቤውን ክፍል ውስጥ አነበቡት፣ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። አጎቷ ሥዕሉን በፍሬም አስገብቶ ሰቀለው፤ ደብዳቤውን መስታወቱ ጥግ ላይ በፕላስተር ለጠፈውና ለገባ ለወጣው ያነብ ጀመር። አገጩን አረፋ የተቀባ ሰው ደግሞ የት ይሄዳል? ማዳመጥ ነው።

አሁን ወንበሩ ላይ ያለው ልብስ ሰፊው ራሱ ነው። ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ እስከ ጆሮው አረፋ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ላባ ወድቆለታል» አለች እርሳስ።

«አምጪው እስኪ።» አጎቷ ምላጩን በቀኝ እጁ እንደያዘ በግራው ተቀበላት። ላባውን አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ሥዕሉ ሄዶ ቶሎ ተመለሰ። እርሳስ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። «ቆሽሾ ነው። ወለል ላይ ወድቆ ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነው? እጠቢው።»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለ ልብስ ሰፊው ከአረፋው ውስጥ።

«አትናገርም። ምላጭ አንገትህ ላይ ነው።»

እርሳስ ላባውን በሻምፑ አጠበችው። በፎጣ አድርቃ፣ በፀጉር ማድረቂያው ነፋችው። ላባው ጸዳ፣ ለሰለሰ፣ አማረበት፤ ቀለሙ ግን ያው የዛገ ቆርቆሮ ነው።

«አለቀቀም፣ ጋሼ።»

«ጫጩት እኮ ነው። ዓይኑ ይለወጣል አላሉም ሰውዬው? ጭራውም ይለወጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል አልሰማሽም?»

ልብስ ሰፊው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። «ተረቱን በማን ላይ እንደተረተው ራሱም አላወቀ።»

እርሳስም ከአንገት በላይ ሳቀችና ወደ ሽቦው ጎጆ ሄደች። ወፉ እንደ ልማዱ በእንጨቱ ላይ ወደ ጎን እየተራመደ መጣና ጭንቅላቱን ሰበር አድርጎ ሰጣት፤ እከኪኝ ማለቱ ነው። በአንድ ጣቷ እያከከችው፣ በሌላ እጇ ውሃ የነከረችውን ጥጥ የላይኛው ምንቃሩ ላይ አሻሸች። እዚያ ቦታ፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ በታች፣ የአጥንት ቀለም ያለው ነጣ ያለ ነገር አለ። ደጋግማ አሻሸችው። ጥጡ እንደነጣ ቀረ፤ ነጣ ያለውም ነገር ቦታው ላይ አለ።

አዲስ ነገር አላየችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር።

የሳለችበትን ቀን አስታወሰች። ለጭራው የቀላቀለችው የመጀመሪያ ቀለም ልክ ይሄንን ላባ ይመስል ነበር። አጎቷ በትከሻዋ በኩል አየና «ኧረ ይሄ ምንድነው? የዛገ ቆርቆሮ አስመሰልሽው። እንዲህ ያለ ጭራ ያለው ጄኔራል አለ?» አላት። ቀለም የምትቀላቅልበትን ሳህን አጥባ ቀዩን እንዳለ ከቱቦው ጨመቀችው። ስለዚህ በአጎቷ ማሳበብ ትችላለች። ስለ ምንቃሩ ግን ማንም ምንም አላላትም። ነጣ ያለው ቦታ ሥዕሉን የሚያበላሽባት መሰላት፤ ድፍን ጥቁር ሲሆን አማረ፣ እሷም አለፈችው። «ዓይንሽም እንዲሁ» የሚለውን ስታስብ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። አፈረች።

ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። ነገ ሙዚየም የሚሄደው ሥዕሉ እንጂ ወፉ አይደለም። መምህሯ ይመጣሉ፣ ክፍሉም ይመጣል። አጎቷ ለነገ ሸሚዙን ተኩሶ ሰቅሏል። ብትናገር ደግሞ መግቢያው ላይ የሚሰቀለው የሌላ ልጅ ሥዕል ይሆናል፤ ምናልባትም ያቺ ፈረስን ከውሻ ለይታ መሳል የማትችለው የክፍሏ ልጅ።

ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አላት። ልክ እንደዚህ ያለ ወፍ ያላት ሌላ ልጅ መግቢያው ላይ ቆማ ሥዕሉን ታያለች። የኔ ወፍ ምንቃሩ እንዲህ አይደለም፣ ጭራውም እንዲህ አይደለም ትላለች። ስለ ገዛ ወፏ በትክክል ያየችውን ትታ፣ እርሳስ የፈጠረችውን ታምናለች።

ወንበር ስባ ወጣችና ፍሬሙን ከምስማሩ አወረደችው።

የምላጩ ድምፅ ቆመ። አጎቷ ዞር አላለም፤ በመስታወቱ ውስጥ ያያታል።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«እንደገና ልስለው ነው።»

«ያን ቀዩን ትንሽ ብታደበዝዢው አይበቃም?»

«ምንቃሩም ልክ አይደለም ጋሼ። ጥቁር ደግሞ አንዴ ከተቀባ አይነጣም። በአዲስ ወረቀት መጀመር አለብኝ።»

«ነገ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ካልደረሰ ደብዳቤውንና ላባውን ይዤ እሄዳለሁ። እንደተሳሳትኩ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

አጎቷ ምላጩን በፎጣው ጠረገው፤ ሳያስፈልገው ደግሞ ጠረገው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«የመጀመሪያው ነበር ልኩ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ያን ቀን ሳህኑ ላይ የቀላቀልሽው። እኔም አይቼዋለሁ።»

ከዚያ ልብስ ሰፊውን ከነአረፋው ትቶ መጣና መስታወቱ ላይ የታሰረውን መብራት ፈታው። ገመዱን እየጎተተ ከጎጆው በላይ ሰቅሎ ወደ ወፉ አዞረላት። ወፉ በብርሃኑ ተገርሞ ጥቁር ዓይኖቹን አጨናበሰ።

«እኔስ? ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ በጨለማ ልቀመጥ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ትቀመጣለህ።»

«እንግዲያው ስሙ ቁራ—»

«ቆይ» አለ አጎቷ። «መጀመሪያ ትጨርስ።»

እርሳስ አዲስ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ላባውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ቀዩ ላይ ቡናማ ጨመረች፤ አነሰ፣ ደግማ ጨመረች። ሳህኑ ላይ ያለው ቀለምና ላባው ሲመሳሰሉ ብሩሹን ነከረች። ወረቀቱን ከመንካቷ በፊት ግን ቀና ብላ ወፉን አየችው፤ ቆይታ ነው ያየችው።