ከስረዛው በፊት የተደረገው ሙከራ

ፎቶግራፎቹ የጠፉት ሐሙስ በምሳ ሰዓት ነበር።

አራት መቶ ዐሥራ ሁለቱም። በቀየት አቅራቢያ ያለ አንድ ደብር የሚኮራበት ጥንታዊ ተአምረ ማርያም ገጽ በገጽ የተነሣባቸው ነበሩ። ቅርሶችን ከሚመዘግበው ከሞላሌው ቢሮ ኮምፒውተርም፣ ቅጂው ከሚላክበት ከደብረ ብርሃኑ ማሽንም አንድ አልተረፈም።

ትእዛዙ የተሰጠው በየምሥራች ስም ነው፤ የቢሮው ባለሙያ እርሷ ናት። ዐርብ ጧት ታሰረች።

ምክትል ኢንስፔክተር አስካለ ማርያም የትእዛዞቹን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«አንብቢልኝ። እኔ የበግ ሌባ እንጂ የፋይል ሌባ አሳድጄ አላውቅም።»

የምሥራች እንባዋን ጠረገች። «ፋይል የሚልከው ፕሮግራም በጽሑፍ ነው የሚታዘዘው፣ እትዬ። ከትእዛዙ ኋላ አማራጭ ቃላት ይጨመራሉ። ‹ዲሊት› ከተባለ፣ እዚህ የሌለውን እዚያም ያጠፋል። አንድ ሰው እዚህ ፎልደሩን ባዶ አደረገና ያንን ቃል በእኔ ትእዛዝ ላይ ጨመረበት።»

«ማን?»

«ባውቅማ እዚህ እቀመጥ ነበር?»

«የይለፍ ቃልሽስ?»

«ስክሪኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።»

«የቤትሽንም ቁልፍ በሩ ላይ ነው የምታንጠለጥዪው?»

በዚያ ሰዓት በግቢው የነበረው ጥበቃው ወዳጆ ተጠየቀ። «እኔ ኮምፒውተር የማውቀው አቧራውን ስጠርግ ነው» አለ። ማብሪያው የት እንደሆነ እንኳ ማሳየት አልቻለም።

ኢንስፔክተሯ ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ። «ከስረዛው ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ያው ትእዛዝ ተጽፏል። ይህ ‹ድራይ ራን› ምንድን ነው?»

«ሙከራ ነው። የሚሆነውን ያሳያል እንጂ ምንም አይነካም። እኔ ግን ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ችኩል ነኝ።»

አስካለ ማርያም የስድስት ወሩን ዝርዝር በጣታቸው ወረዱበት። በየምሥራች ስም፣ ከሐሙሱ በቀር፣ አንድም ሙከራ የለም። በቢሮው ኃላፊ በመልከ ጼዴቅ ስም ግን እያንዳንዱን ትእዛዝ ሙከራ ይቀድመዋል።

መልከ ጼዴቅ ቀድሞ ቁም ጸሐፊ ነበር። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ሳይበሳና ሳያሰምር ቀለም አያስነካውም። ልማዱ ከብዕሩ ወደ ኪቦርዱ ተከትሎት መጥቷል።

«እዚህ ጫፍ ላይ ያለችውስ? ‹ባካፕ› የምትለው?»

የምሥራች ብድግ አለች። «እትዬ፣ ረስቻት ነበር! በትእዛዜ ላይ እርሷን ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ችኩልነቴን ስለማውቅ! የሚሰረዘውን ወደ ሌላ ፎልደር ታዛውረዋለች። ሙከራው ይህን አያሳይም!»

ከአንድ ሰዓት በኋላ አራት መቶ ዐሥራ ሁለቱም ፎቶግራፎች ደብረ ብርሃን ተገኙ።

ቅዳሜ ጧት የደብሩ ገበዝ አባ ገብረየሱስ መጽሐፉን አወጡ። መልከ ጼዴቅም ተጠርቶ ቆሟል። ኢንስፔክተሯ አንድ ፎቶግራፍ ከመጽሐፉ ጎን አስቀመጡ። በፎቶግራፉ ላይ ቅጠሉ ተቀድዷል፤ ቀዳዳውም በቀይ ክር ተሰፍቷል።

«አባቴ፣ ይህ ቅጠል መቼ ዳነ?»

አባ ገብረየሱስ ብራናውን ዳሰሱ። ቀዳዳም ስፌትም የለውም። «ይህ የእኛ መጽሐፍ አይደለም።»

«ግሩም እጅ ነው» አሉ ኢንስፔክተሯ። «የእርስዎ ነው፣ አቶ መልከ ጼዴቅ?»

ኩራቱ ከፍርሃቱ ቀደመ። «ከፎቶግራፎቹ ላይ ሁለት ዓመት ጻፍኩት! በየእሑዱ ሲነበብ ማንም አላወቀም!»

«ቀዳዳውንስ ለምን ተዉት?»

«እንከን ያለበት ብራና እጄ አይነካም።»

ቀሪውን ቀስ ብሎ ተናገረ። ባለፈው ክረምት ጥራዙን ላድስ ብሎ ወስዶ ቅጂውን መለሰ። ለዋናው መጽሐፍ ገዢ ለሰኞ ተቀጥሯል፤ የገዢውም ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ የሚመሰክር ፎቶግራፍ እንዳይኖር።

መጽሐፉ ከቤቱ፣ ከገብስ ጎተራው ውስጥ ወጣ።

እሑድ ተአምሩ ሲነበብ የምሥራች ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። አባ ገብረየሱስ ከተሰፋው ቅጠል ሲደርሱ ንባቡን ገቱ። መጽሐፉን ከፍ አድርገው ቀዩን ክር ለሕዝቡ አሳዩ።

እልልታው ደብሩን ሞላው።