ሚጢ ያልበላችው ምሳ

«እስቲ እንደገና ትውጣ» አለች ሐኪሟ። ሚጢ ሚዛኑ ላይ በድጋሚ ቆመች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የአራት ዓመቷ ልጅ በሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ቀንሳለች።

ወንድሟ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ አሸሸ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እናታቸው ከልብስ ስፌት ፋብሪካው እስክትመለስ ለሚጢ ምሳ የሚያቀርብላት እሱ ነው። ሚጢ ከነጭ ሩዝና ከብስኩት ሌላ ምግብ ስታይ ያቅለሸልሻታል። ሐኪሟ ባለፈው «ቅብጠት አይደለም፤ ምግብ ያስፈራታል» ብላ ደብተር ሰጥታቸው ነበር። መለመንም ማስገደድም የለም። ከሩዙ አጠገብ አንድ አዲስ ምግብ ያስቀምጡና የሆነውን ይጽፋሉ፦ አየች፣ ነካች፣ ላሰች፣ በላች።

በመጀመሪያው ቀን ሚጢ ካሮቱን ዞር ብላም አላየችው። እናቱ ግን ገና ከበሩ «በላች?» አለች። እንባ ያቀረሩ ዓይኖቿን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። «በላች» አላት፤ እንደዚያው ጻፈ። ካሮቱን የበላው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «በላች» ሆነ።

ሐኪሟ ደብተሩን ገለጠች። «እንቁላል፣ ድንች… ይህን ሁሉ እየበላች ነው የቀነሰችው?»

«ሙልጭ አድርጋ ነው የምትበላው!» አለች አጠገቡ የቆመችው እናቱ።

«እንግዲያው ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል። ደም እንውሰድ።»

የእናቱ ፊት አመድ መሰለ። ሚጢ መርፌውን ስታይ ሮጣ የወንድሟን እግር አቀፈች። «አይወጉኝም አይደል?»

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

«ዶክተር፣ አይውጓት። አልበላችም። የበላሁት እኔ ነኝ።»

«ምን?» አለች እናቱ።

«ሁሉንም። እንቁላሉንም።»

«እኔ ደግሞ ጉንጭህ የሞላው በዕድሜህ መስሎኝ!» አለች፤ ግን አልሳቀችም።

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች። «አንድም ቀን አልነካችም?»

አሰበ። «ረቡዕ ዕለት ድንቹን በጣቷ ገፋችው። ከዚያ ጣቷን አሸተተች።»

«በራሷ?»

«በራሷ።»

«ታዲያ የሦስት ሳምንቱ ትልቁ ዜና እሱ አይደል እንዴ! ምነው ሳትጽፈው ቀረህ?»

ሐኪሟ ወደ እናቱ ዞረች። «ከነገ ጀምሮ ምሳዋን ማን ያቀርብላታል?»

እናቱ ወንድ ልጇን አየችው።

«እኔ» አለ ልጁ። «አልበላችም ስልሽ ግን እንዳታለቅሺብኝ፣ እማዬ።»

እናቱ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሞክራለሁ።»